‹ሁሉንም ተቀበል› የሚለውን ስንጫን የምንፈቅደው ምንድን ነው?

ጥያቄው፦ «አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት ለእናቴ የስኳር መለኪያ መሣሪያ ለመግዛት በስልኬ ዋጋ ሳወዳድር ነበር። በየድረ ገጹ ስለ ኩኪ የሚጠይቅ ሳጥን ሲመጣብኝ ስለምቸኩል ‹ሁሉንም ተቀበል› የሚለውን እየተጫንኩ አለፍኩ። ከዚያ ወዲህ የስኳር መለኪያ ማስታወቂያ በስልኬም በቢሮ ኮምፒውተሬም እየተከተለኝ ነው፤ ባልደረቦቼ አይተውት ‹ስኳር ያዘሽ እንዴ?› ብለውኛል። ሽቱትጋርት የምትኖረው እህቴ እዚያ ሳጥኑ በየገጹ እንደሚመጣና ሕግ እንደሚጠብቃት ትነግረኛለች፤ እዚህ ግን አንዳንዱ ድረ ገጽ ጭራሽ አይጠይቅም። ለመሆኑ ኩኪ ምንድን ነው? የባንክ የይለፍ ቃሌን ያነባል? ባጠፋው፣ በግል መስኮት ብከፍት ወይም ቪፒኤን ብጠቀም ይቆማል? የእኛ አገር ሕግስ ይጠብቀኛል?»

ኩኪ ፕሮግራም አይደለም፣ ቫይረስም አይደለም፣ የይለፍ ቃልዎንም አያነብም። አንድ ድረ ገጽ በብሮውዘርዎ (እንደ ክሮም ባለው የድረ ገጽ መክፈቻ ፕሮግራም) ውስጥ የሚያስቀምጠው አጭር ጽሑፍ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ረዘም ያለ ቁጥር የዘለለ ነገር የለበትም፤ ብሮውዘሩም ጽሑፉን የሚመልሰው ላስቀመጠው ወገን ብቻ ነው። ሆስፒታል ሲሄዱ የሚሰጥዎትን ትንሽ ካርድ ያስቡ። ካርዱ ላይ ያለው ስምና ቁጥር ነው፤ የምርመራው ውጤት፣ የታዘዘው መድኃኒት፣ የሐኪሙ ማስታወሻ የሚገኘው ግን ካርድ ክፍል መደርደሪያ ላይ በተቀመጠው ፎልደር ውስጥ ነው። ኩኪ ያቺ ትንሽ ካርድ ናት፤ ፎልደሩ በኩባንያው ሰርቨር፣ ማለትም መረጃ በሚያስቀምጥበት ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። ካርዱን ቀደው ቢጥሉት ፎልደሩ አይቃጠልም፤ በሚቀጥለው ቀን ሌላ ቁጥር ይወጣልዎታል እንጂ። ስምዎን እንደገና የነገሯቸው ዕለት ደግሞ ሁለቱ ፎልደሮች ሊጣበቁ ይችላሉ። ‹ኩኪዎቹን ባጠፋ ይቆማል?› ለሚለው ጥያቄዎ ዋናው መልስ ይኸው ነው።

ከይለፍ ቃሉ ጋር በተያያዘ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። ባንክዎ ወይም ኢሜይልዎ ውስጥ ከገቡ በኋላ የሚሰጥዎት ኩኪ እስኪወጡ ድረስ እንደ ቁልፍ ያገለግላል፤ ይህን ቁልፍ ከኮምፒውተሩ የሚሰርቅ አጥፊ ፕሮግራም ካለ የይለፍ ቃሉን ማወቅ ሳያስፈልገው ሊገባ ይችላል። በኢንተርኔት ካፌ ወይም በሰው ኮምፒውተር ሲሠሩ መስኮቱን መዝጋት የማይበቃውና ‹ውጣ› የሚለውን መጫን ያለብዎት ለዚህ ነው።

ማስታወቂያው እንዴት እንደተከተለዎት ለመረዳት ነገሩ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። (የኢትዮጵያን ሕጎች ከምጠቅስበት ቦታ በቀር ቀናቱ፣ ወራቱና ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ድረ ገጾች የሚላኩበት ሥርዓት፣ ኤችቲቲፒ፣ ሲነደፍ የማስታወስ ችሎታ አልተሰጠውም ነበር፤ አንዱን ገጽ ተቀብለው ሁለተኛውን ሲጠይቁ ሰርቨሩ ፈጽሞ እንደማያውቅዎት ሆኖ ያስተናግድዎታል። ለተመራማሪዎች ጽሑፍ መለዋወጫ ይህ ይበቃ ነበር። ለገበያ ግን አይሆንም፤ ዘንቢል ውስጥ የከተቱት ዕቃ ወደ ቀጣዩ መደርደሪያ ሲያልፉ የሚጠፋበት ሱቅ ማን ይገበይበታል? በ1994 የያኔው የብሮውዘር አምራች የኔትስኬፕ መሐንዲስ የነበረው ሉ ሞንቱሊ ይህን ችግር ለመፍታት ኩኪን ፈጠረ፤ የቅርብ ምክንያት የሆነውም የገዢዎችን ያላለቀ ግብይት በራሱ ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ ያልፈለገው የኤምሲአይ ኩባንያ የኢንተርኔት ሱቅ ነበር። ስሙ ዩኒክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት የሚሠሩ ፕሮግራም ጸሐፊዎች በሁለት ፕሮግራሞች መካከል የሚተላለፍን ምልክት ‹ማጂክ ኩኪ› ይሉት ከነበረው የተወሰደ ነው። ቀላሉ መንገድ ለእያንዳንዱ ብሮውዘር ሁሉም ድረ ገጽ የሚያየው አንድ ቋሚ ቁጥር መስጠት ነበር፤ ሞንቱሊ ያንን የተወው ሰውን ከገጽ ገጽ ለመከታተል እንደሚያመች ስለተረዳ ነው። የምንማረርበት መሣሪያ መከታተልን ለማስቀረት ታስቦ የተሠራ መሆኑን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል።

ቀዳዳው የተከፈተው በሌላ በኩል ነው። አንድ ድረ ገጽ ሲከፍቱ የሚያዩት ነገር ሁሉ ከአንድ ቦታ አይመጣም፤ ጽሑፉ ከባለቤቱ፣ ማስታወቂያው ከሌላ ኩባንያ፣ የጎብኚ መቁጠሪያው ከሦስተኛ ቦታ ይመጣል፤ ከእነዚህ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸውን ኩኪ ማስቀመጥ ይችላሉ። ፒያሳ፣ መርካቶና ቦሌ ባሉ ሱቆች ሁሉ በር ላይ የአንድ ቀጣሪ ሰዎች መዝገብ ይዘው ተቀምጠዋል ብለው ያስቡ። ስምዎን አያውቁም፤ ነገር ግን ቁጥርዎን አይተው ምን እንዳነሱ፣ ምን እንደመለሱና የት ብዙ እንደቆዩ ይጽፋሉ፤ ማታ ላይ መዝገቦቻቸውን አንድ ላይ ያገናኛሉ። የሦስተኛ ወገን ኩኪ የሚባለው ይህ ነው።

ይህ ሳይታወቅ ሾልኮ ያለፈ ነገር አይደለም። በየካቲት 1997 ዴቪድ ክሪስቶልና ራሱ ሞንቱሊ ያዘጋጁት የመጀመሪያው የኩኪ መደበኛ ሰነድ፣ አርኤፍሲ 2109፣ ብሮውዘሮች ተጠቃሚው ካልጎበኘው ወገን የሚመጣ ኩኪን እንዳይቀበሉ፣ እንዲህ ያለ ምርጫ ቢኖር እንኳ ሳይነኩት ዝግ ሆኖ እንዲገኝ ይጠይቅ ነበር። የያኔውን ገበያ የያዙት ኔትስኬፕና ማይክሮሶፍት ግን ሰነዱን በዚህ ነጥብ አልተከተሉም፤ የማስታወቂያው ንግድ በዚያው በር ገብቶ ቤት ሠራ። እንደ እኔ አስተያየት ከዚያ በኋላ የመጡት ሕጎች፣ ቅጣቶችና ሳጥኖች በሙሉ በዚያ ዓመት ያልተዘጋውን በር ከውጭ ሆኖ ለመዝጋት የሚደረግ ሙከራ ናቸው።

የመዝገብ ያዡ ቁጥር ከሰው ስም ጋር የተገናኘበትም ታሪክ አለው። ደብልክሊክ የተባለው የማስታወቂያ ኩባንያ በ1999 የሸማቾችን ስምና አድራሻ የሚሰበስበውን አባከስን ሲገዛ ቁጥሮቹን ከስሞቹ ጋር ሊያጣምር ነው ተብሎ በአሜሪካ ከፍተኛ ተቃውሞ ተነሣ፤ ኩባንያውም በ2000 እቅዱን ተወው። ጉግል ደብልክሊክን በ3.1 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማምቶ ግዢውን በ2008 አጠናቀቀ፤ በ2016 ደግሞ የማስታወቂያ ኩኪው የሚሰበስበው መረጃ ከጉግል አካውንት መረጃ ጋር እንዲገናኝ የሚያስችል ለውጥ በደንቡ ላይ አደረገ። በ2000 ጩኸት ያስነሣው ነገር በ2016 አንድ ‹እስማማለሁ› በመጫን አለፈ።

የእርስዎ ጉዳይ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። በስልክዎ ዋጋ ያወዳደሩባቸው ገጾች ላይ የነበሩት የማስታወቂያ ኩባንያዎች ቁጥርዎን አውጥተው ‹የስኳር መለኪያ የሚፈልግ ሰው› ብለው መዘገቡ። ከዚያ በኋላ ሌላ ገጽ፣ ለምሳሌ የዜና ገጽ ሲከፍቱ ባዶው የማስታወቂያ ቦታ ገጹ ተከፍቶ እስኪያልቅ ባለው ቅጽበት ውስጥ ለጨረታ ይቀርባል፤ ቁጥርዎን የሚያውቅ ሻጭ ከሌሎቹ የበለጠ ከፍሎ ቦታውን ይወስዳል። የቢሮ ኮምፒውተርዎ ግን የስልክዎን ኩኪ አያውቀውም፤ ኩኪ ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው አይዘልም። ሁለቱን ያገናኛቸው እንደሚመስለኝ አካውንትዎ ነው፦ በስልክዎ የገቡበትን የጉግል ወይም የፌስቡክ አካውንት በቢሮ ኮምፒውተርዎም ከፍተው ትተውታል። ስልክዎን ከቢሮው ዋይፋይ ጋር ማገናኘትዎም ሊያግዝ ይችላል፤ ሁለቱ መሣሪያዎች በአንድ የኢንተርኔት አድራሻ ከወጡ የአንድ ሰው ወይም የአንድ ቤት ናቸው ብለው የሚገምቱ ኩባንያዎች አሉ። ስለዚህ የስልኩን ኩኪ ጠራርገው ቢያጠፉ እንኳ የቢሮው ማስታወቂያ ሊቀጥል ይችላል።

የባልደረቦችዎ ጥያቄ ያስተላለፈው መልእክትም ቀላል አይደለም። የገዙት ለእናትዎ ነው፤ መዝገቡ ግን ይህን አያውቅም፤ መዝገቡ የሚያየው ባለስልኳን ነው። የጤና መረጃ በዚህ መንገድ መውጣቱ በሕግ ያስጠየቀበት አጋጣሚ አለ፦ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በየካቲት 2023 የመድኃኒት ዋጋ ቅናሽ አገልግሎት የሚሰጠው ጉድአርኤክስ የተጠቃሚዎቹን የጤና መረጃ ለፌስቡክ፣ ለጉግልና ለሌሎች አስተላልፏል ብሎ ከስሶት፣ ኩባንያው 1.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈልና እንዲህ ያለውን መረጃ ለማስታወቂያ ከማጋራት ለመታቀብ ተስማምቷል። በዚያ መዝገብ ከታዩት መንገዶች አንዱ በገጹ ውስጥ የተተከለ፣ ዓይን የማያየው የሦስተኛ ወገን መከታተያ ነበር፤ እርስዎ የገጠምዎትም በአሠራሩ ከዚህ አይርቅም።

ወደ እህትዎ ሕግ ልለፍ። ብዙ ሰው የአውሮፓ ኅብረት ‹የኩኪ ሳጥን አድርጉ› የሚል ሕግ ያወጣ ይመስለዋል፤ እንዲህ የሚል አንቀጽ የለም። በ2002 የወጣውና በ2009 የተሻሻለው የኤሌክትሮኒክ ግላዊነት መመሪያ አንቀጽ 5 ንዑስ አንቀጽ 3 የሚለው በሰው መሣሪያ ላይ መረጃ ለማስቀመጥ ወይም ከመሣሪያው ለማንበብ አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ተጠቃሚው ለጠየቀው አገልግሎት የግድ የሚያስፈልግ ከሆነ ግን ፈቃድ አያሻም ነው። ዘንቢሉ፣ የመግቢያ ቁልፉ፣ የቋንቋ ምርጫው ፈቃድ የሚጠየቅባቸው አይደሉም። ስለዚህ ሰው የማይከታተል ድረ ገጽ ሳጥን አያስፈልገውም፤ የፕሮግራም ጸሐፊዎች መድረክ የሆነው ጊትሀብ በታኅሣሥ 2020 የማያስፈልጉትን ኩኪዎች በሙሉ አስወግዶ ሳጥኑንም አብሮ ያነሣው በዚህ ምክንያት ነበር። ሳጥን ሲያዩ ሕጉ እንዳናደደዎት አይቁጠሩት፤ የገጹ ባለቤት ከሌሎች ጋር ሆኖ ሊከታተልዎት መፈለጉን ራሱ እየተናገረ ነው።

ፈቃድ ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ከግንቦት 25 ቀን 2018 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የኅብረቱ አጠቃላይ የዳታ ጥበቃ ደንብ በጥብቅ ተርጉሞታል። ዝምታ ፈቃድ አይደለም። አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥንም ፈቃድ እንዳልሆነ የኅብረቱ ፍርድ ቤት ከጀርመን በመጣው የፕላኔት49 ጉዳይ በጥቅምት 2019 ወስኗል። የተሰጠ ፈቃድን መሰረዝም ሲሰጡት የነበረውን ያህል ቀላል መሆን አለበት። የፈረንሳይ የዳታ ጥበቃ ባለሥልጣን በጥር 2022 ጉግልን 150 ሚሊዮን ዩሮ፣ ፌስቡክን ደግሞ 60 ሚሊዮን ዩሮ መቅጣቱን ሲያስታውቅ የሰጠው ምክንያት ለመቀበል አንድ ጊዜ መጫን ሲበቃ ለመከልከል ግን ብዙ ጊዜ መጫን ያስፈልግ ነበር የሚል ነው።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን ሳጥኑን እንዲያምኑት አልመክርም። ባለፈው ሳምንት አንድ የውጭ ዜና ገጽ ስከፍት ‹ሁሉንም ተቀበል› በአረንጓዴ መደብ ላይ በትልቁ ተጽፎ፣ ‹ምርጫዎችን አስተካክል› ደግሞ ከሥሩ በግራጫ ቀለም፣ ለዓይን በሚያስቸግር ፊደል ተቀምጦ ነበር። ሁለተኛውን ስጫን የ‹አጋሮች› ዝርዝር መጣ፤ ወደ ታች ስስብ ስስብ ጣቴ ደከመ። ሁሉም የፈቃድ መጫኛዎች ጠፍተው ስለነበር ደስ አለኝ፤ ከጎኑ ‹ሕጋዊ ጥቅም› (ኩባንያዎች ያለ ፈቃድ መረጃ ለመጠቀም የሚጠቅሱት ምክንያት) የሚል ሌላ ገጽ ከፍቼ ሳይ ግን እዚያ ያሉት በሙሉ በርተው ጠበቁኝ። ለእንደዚህ ያሉ ሳጥኖች መሠረት የሆነውን የፈቃድ ሥርዓት ያዘጋጀውን የማስታወቂያ ኩባንያዎች ማኅበር፣ አይኤቢ ዩሮፕን፣ የቤልጂየም ባለሥልጣን በየካቲት 2022 በ250 ሺህ ዩሮ ቀጥቶታል። ሕጉ ጥሩ ነው፤ ሥራውን የሰጠው ግን ቸኩሎ ለሚያነብ ሰው ጣት ነው፤ የድክመቱ ምንጭ እዚህ ላይ ይመስለኛል።

እህትዎ የምትጠበቀው በዜግነቷ ሳይሆን በምትኖርበት ቦታ ነው፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብትይዝም ሽቱትጋርት እስካለች ድረስ ደንቡ ይመለከታታል። እዚህ ሳጥኑ የማይመጣው ድረ ገጹ ከየት እንደገቡ ከኢንተርኔት አድራሻዎ ገምቶ ለመጠየቅ አልገደድም ስላለ ሊሆን ይችላል። አለመጠየቁን እንደ አለመከታተል አይቁጠሩት፤ ብዙ ጊዜ ያለ ጥያቄ ተቀምጧል ማለት ነው። ብዙዎች የማያውቁት አንድ ነገርም አለ፦ መረጃዎን የያዘው ድርጅት አውሮፓ ኅብረት ውስጥ የተቋቋመና ሥራውን ከዚያ የሚያካሂድ ከሆነ፣ እርስዎ አዲስ አበባ ቢሆኑም ደንቡ ይሠራል፤ ስለ እኔ ያላችሁን መረጃ አሳዩኝ፣ አጥፉልኝ ብለው በጽሑፍ መጠየቅ ይችላሉ።

የእኛን በተመለከተ ‹ሕግ የለንም› የሚለው አባባል አሁን ትክክል አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 በስልክ፣ በቴሌኮሙኒኬሽንና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች የሚደረጉ ግንኙነቶች የማይደፈሩ መሆናቸውን ደንግጓል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የግል ዳታን ለመሰብሰብና ለመጠቀም ፈቃድ ወይም ሌላ ሕጋዊ ምክንያት እንደሚያስፈልግ፣ የጤና መረጃም ልዩ ጥበቃ እንደሚደረግለት ይደነግጋል፤ አፈጻጸሙን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መሣሪያውን የገዙበት ሱቅ ወይም የሞባይል መተግበሪያ እዚህ የሚሠራ ከሆነ ምን መዝግባችሁብኛል ብለው መጠየቅ፣ መልስ ካጡ ለባለሥልጣኑ ማመልከት የሚያስችል መሠረት አለዎት። እዚህ ቢሮ የሌለው፣ ጨረታውን ባሕር ማዶ ባለ ሰርቨር የሚያካሂድ የማስታወቂያ ኩባንያ ላይ ግን አዋጁን ማስፈጸም ከባድ እንደሚሆን ልነግርዎት ይገባል። አዋጁ አዲስ ነው፤ ለስልክዎ ጋሻ ይሆነኛል ብለው እጅዎን አጣጥፈው አይጠብቁት።

ስለ ግል መስኮቱ ያለው ግንዛቤ በብዛት የተሳሳተ ነው። የግል መስኮት ሲዘጉት በውስጡ የተቀመጡትን ኩኪዎችና የጎበኟቸውን ገጾች ዝርዝር ከመሣሪያዎ ላይ ያጠፋል፤ ሥራው እዚያ ያበቃል። ከቢሮዎ ኔትወርክ፣ ከኢንተርኔት አቅራቢዎ ወይም ከድረ ገጹ አይሰውርዎትም። በአሜሪካ በ2020 የተከፈተው የጉግል ክስ የተነሣው በዚሁ ነጥብ ነው፤ ከሳሾቹ ኢንኮግኒቶ በሚባለው የክሮም የግል መስኮትም ተከታትላችሁናል ብለው ቢያንስ 5 ቢሊዮን ዶላር ጠይቀው ነበር። በሚያዝያ 2024 ይፋ በሆነው ስምምነት ጉግል በቢሊዮን የሚቆጠሩ መዝገቦችን ለማጥፋት ወይም ማንነት እንዳይለይባቸው ለማድረግ ተስማማ፤ ለተጠቃሚዎቹ በጅምላ የተከፈለ ካሳ ግን አልነበረም። ለአንድ ጊዜ ፍለጋ፣ አካውንት ውስጥ ሳይገቡ ከሆነ፣ የግል መስኮት ይጠቅማል፤ የእናትዎን መሣሪያ እንዲያ አድርገው ቢፈልጉ ኖሮ የቢሮው ነገር ባልመጣ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ቪፒኤን፣ ማለትም የኢንተርኔት ጉዞዎን በሌላ ኩባንያ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፈው አገልግሎት፣ ለዚህ ችግር መድኃኒት አይደለም። ኢንተርኔት አቅራቢዎ የሚያየውን ወደ ቪፒኤኑ ባለቤት ያዛውራል እንጂ ኩኪውንም አካውንቱንም አይነካም። ነፃ ቪፒኤን ደግሞ ይተዉት፤ ወጪውን ከየት እንደሚሸፍን ሳይታወቅ ጉዞዎን በሙሉ የሚያይ ሰው መቅጠር ነው። አቅራቢዎ ይዘቱን በምስጢር በሚያስተላልፈው ኤችቲቲፒኤስ የሚሠራ ገጽ ሲከፍቱ የድረ ገጹን ስም ሊያይ ይችላል፣ በገጹ ላይ ያነበቡትን ግን አያይም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲይዙ ስለሚያስገድድ ይህ ዓይነቱ መዝገብ መኖሩን ማወቅ አይከፋም፤ ከማስታወቂያው ጋር ግን አይገናኝም።

ኩኪ ጭራሽ ባይኖር እንኳ የሚቀር አንድ መንገድ አለ፤ የብሮውዘር አሻራ ይባላል። የስክሪን ስፋት፣ የሰዓት ክልል፣ የተጫኑ የፊደል ዓይነቶች፣ የቋንቋ ምርጫና የመሳሰሉት አንድ ላይ ሲደመሩ አንድን መሣሪያ ከሌላው ይለያሉ። የዲጂታል መብት ተሟጋቹ ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን በ2010 ይፋ ባደረገው ሙከራ ከ470 ሺህ በላይ ከሚሆኑት ብሮውዘሮች 83.6 በመቶው አምሳያ የሌላቸው ሆነው ተገኝተዋል። ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ እህትዎ ናት። ብሮውዘሯን በአማርኛ አድርጋው ከሆነ፣ በከፈተችው ገጽ ሁሉ ብሮውዘሩ ‹አማርኛን ነው የምመርጠው› ብሎ ይናገራል፤ አዲስ አበባ ላይ ይህ ብዙ አይለይም፣ ሽቱትጋርት ላይ ግን በጥቂት ሰዎች መካከል ያስቀምጣታል። ለዚህ ብላ አማርኛዋን ትተው አልልም፤ ፋየርፎክስና ሳፋሪ ለድረ ገጾች የሚያሳዩትን እንዲህ ያለ ዝርዝር መቀነስ የጀመሩ ስለሆነ ሸክሙን በብሮውዘሩ ላይ መጣል ይሻላል።

ምክሬ በአጭሩ ጥረትዎን ከሳጥኑ ወደ ብሮውዘሩ ያዛውሩት የሚል ነው። ሳጥን ሲመጣ ‹ሁሉንም አትቀበል› የሚል ካለ ይጫኑት፤ ከሌለና ከጥቂት ሰከንድ በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ ግን ጊዜዎን አያባክኑ፤ ብሮውዘርዎ የሦስተኛ ወገን ኩኪን ከዘጋ የሳጥኑ መልስ ክብደቱን በእጅጉ ያጣል። አይፎን ካለዎት ሳፋሪ ከመጋቢት 2020 ጀምሮ የሦስተኛ ወገን ኩኪን ሳይነግሩት ይዘጋል። አንድሮይድ ከሆነ ፋየርፎክስን ይጫኑ፤ ከ2022 ወዲህ በኮምፒውተር ላይ የእያንዳንዱን ድረ ገጽ ኩኪ በየራሱ ማሰሮ እንደማስቀመጥ ባለ አሠራር ለይቶ ይይዛል፣ በስልክ ላይም ዩብሎክ ኦሪጂን የተባለውን የመከታተያ ማገጃ መጨመር ያስችላል። በጥቅል ለሚገዛ ዳታ ይህ ሌላ ጥቅም አለው፤ የታገደ ማስታወቂያ ሜጋ ባይት አይበላም። ክሮምን ካልተዉ ‹ግላዊነት እና ደህንነት› በሚለው ቅንብር ውስጥ ገብተው የሦስተኛ ወገን ኩኪን ራስዎ ይዝጉ፤ ጉግል በጥር 2020 በሁለት ዓመት ውስጥ ለሁሉም እዘጋዋለሁ ብሎ ቃል ቢገባም በሐምሌ 2024 እቅዱን ስለተወው የሚዘጋልዎት የለም። ይህን ሲያደርጉ አልፎ አልፎ አንድ የክፍያ ወይም የመግቢያ ገጽ አልሠራ ሊል ይችላል፤ ለዚያ ገጽ ብቻ ይፍቀዱለት።

ከዚያ በኋላ የቢሮውን ኮምፒውተር ያጽዱ። የግል የጉግልና የፌስቡክ አካውንትዎን እዚያ ይዝጉ፣ የክሮም ማመሳሰያውንም ያጥፉ፤ የግል ነገርዎን በስልክዎ ላይ ብቻ ያድርጉ። የቢሮ ኮምፒውተር የአሠሪዎ ንብረት ነው፤ ከማስታወቂያውም በላይ ለዚህ ምክንያት መለየቱ ይበጃል። በጉግል አካውንትዎ ውስጥ ለግል የተበጀ ማስታወቂያን ያጥፉ፤ በአንድሮይድ ስልክዎ ቅንብር ውስጥ ‹ማስታወቂያዎች› ከሚለው ሥር የማስታወቂያ መለያ ቁጥሩን ይሰርዙ፤ ምክንያቱም መተግበሪያዎች ኩኪ ስለማይጠቀሙ የሚከታተሉት በዚያ ቁጥር ነው። በአይፎን ላይ ደግሞ መተግበሪያው እንዲከታተልዎት ፈቃድ ሲጠይቅ ይከልክሉት። መጨረሻ ላይ የሁለቱንም መሣሪያዎች ኩኪ ያጥፉ። ቅደም ተከተሉን ያክብሩ፤ ኩኪውን አስቀድመው አጥፍተው አካውንቱን ክፍት ከተዉት ፎልደሩ በአዲስ ካርድ ይቀጥላል።

ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ ማስታወቂያ መታየቱ አይቀርም፤ የሚታየው ግን ስላነበቡት ገጽ እንጂ ስለ እርስዎ አይሆንም። ስለ ስኳር ሕመም የሚያወራ ጽሑፍ ሲከፍቱ የመለኪያ ማስታወቂያ ቢያዩ ከገጹ ርዕስ የመጣ ስለሆነ አይደንግጡ፤ መሣሪያውን የገዙበት ሱቅም ተመልሰው ሲገቡ ቢያስታውስዎት የራሱ ኩኪ ነው። የስኳር መለኪያው በደመወዝ ስሌት ወይም በእግር ኳስ ዜና ገጽ ላይ ከአንድ ወር በኋላም ቢታይዎት ግን አንድ ያልተዘጋ አካውንት ቀርቷል ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚረሳው በቢሮው ኮምፒውተር ላይ የተከፈተው የዩቲዩብ አካውንት ነው።